“ሺፉ” ያሉኝ ሰው

እኔ በካሊፎርኒያ፣ ኦክላንድ ከተማ የምኖር ባለታክሲ ነኝ። አገር ቤት ሳለሁ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ዘጠኝ ዓመት ፊዚክስ አስተምሬያለሁ። ይህን የምናገረው ለመኮፈስ አይደለም። ከእኛ ባለታክሲዎች መካከል “የቀድሞ” አንድ ነገር ያልሆነ ሰው ማግኘት እንደሚቸግር ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ አንዱ ዳኛ ነበር፣ አንዱ ሻምበል ነበር፣ አንዱ የባንክ ሥራ አስኪያጅ ነበር። ብቻ ዛሬ ላወጋችሁ ያሰብኩት ጉዳይ መምህርነቴንም፣ ታክሲዬንም፣ ወገቤንም ስለሚነካ ነው ማንሳቴ። ጉዳዩ ታይ ቺ ይባላል። ማለዳ ማለዳ በየፓርኩ ቻይናውያን አዛውንቶች ውኃ ውስጥ እንዳለ ሰው እጅና እግራቸውን በዝግታ ሲያንቀሳቅሱ አይታችሁ ይሆናል፤ እሱ ነው። ስሙን ስትሰሙ የምትስቁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እኔም ስቄ ነበር።

ከወገቤ ልጀምር። ታክሲ መንዳት የጀመርኩት በ2012 ነው። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) በቀን አሥራ ሁለት ሰዓት መቀመጥ ምን እንደሚያደርግ የሚያውቀው የተቀመጠበት ብቻ ነው። በ2019 መጨረሻ ላይ ግራ እግሬ ከዳሌዬ እስከ አውራ ጣቴ ይደነዝዝ ጀመር፤ ጠዋት ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ክር ማሰር አቃተኝ። ያኔ የስምንት ዓመት ልጅ የነበረችው ልጄ እየሳቀች ታስርልኝ ነበር። እሷ ጨዋታ መስሏታል፤ እኔ ግን አንድ ቀን ፊቴን ወደ መስኮቱ ማዞር ግድ ሆኖብኛል። ሐኪሙ በአከርካሪዬ አጥንቶች መካከል ያለው ዲስክ ተንሸራቶ ነርቭ መጫኑን ነግሮኝ፣ መቀመጥ ካልቀነስኩ መጨረሻው ቀዶ ሕክምና ሊሆን እንደሚችል አስጠነቀቀኝ። ለባለታክሲ መቀመጥ አቁም ማለት ለገበሬ ከመሬት ራቅ እንደማለት ነው። የቤት ኪራዩ፣ የመኪናው ኢንሹራንስ፣ አገር ቤት ለእናቴ የምልከው፣ ሁሉም ከዚያች ወንበር ላይ የሚወጣ ነው። ስለዚህ እንክብሌን እየዋጥኩ መንዳቴን ቀጠልኩ።

በ2021 መጀመሪያ ላይ በኦክላንድ ቻይናታውን በዕድሜ በገፉ እስያውያን ላይ ጥቃት በዝቶ ሰው ሁሉ ተደናግጦ ነበር። ከዚያ በፊት አንድ ሁለት ጊዜ ከኤርፖርት ያመጣኋት አንዲት ቻይናዊት በዚያ ሰሞን ደወለችልኝና “አባቴን በሳምንት ሦስት ቀን ማለዳ ፓርክ አድርስልኝ፤ አንድ ሰዓት ያህል አጠገባቸው ሆነህ ጠብቀህ መልስልኝ” አለችኝ። በኮሮና ምክንያት ገበያው ሞቶ ስለነበር እንኳን አንድ ሰዓት ሦስት ሰዓትም እጠብቅ ነበር። ፓርኩ ሌክ ሜሪት ባቡር ጣቢያ አጠገብ ያለው፣ ያን ጊዜ ማዲሰን ይባል የነበረው፣ ከ2022 ወዲህ ዊልማ ቻን ፓርክ የተባለው ነው።

ሽማግሌው ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ነበር። በሄናን ክፍለ ሀገር ፋብሪካ ውስጥ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሠሩ፣ እንግሊዝኛቸው ከሠላሳ ቃል የማይበልጥ ሰው ናቸው። መጀመሪያ ቀን ከመኪናው ሲወርዱ በሩን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ አንዱን እግር አውጥተው፣ ትንፋሽ ወስደው፣ ሌላውን አውጥተው ነው። “ፓርክ ደርሰው ምን ሊያደርጉ ነው?” አልኩ በልቤ። ከዚያ ወደ ሰዎቻቸው መካከል ገቡና ቆሙ። ያን አቋቋም ምን ብዬ ልግለጸው? መሬት ላይ የቆሙ ሳይሆን ከመሬት የበቀሉ ይመስሉ ነበር። ጥቂት ቆይተው ቀኝ ጉልበታቸውን እስከ እምብርታቸው አነሡና በግራ እግራቸው ብቻ ቆመው ቀሩ፤ አይወዛወዙም፣ አይንገዳገዱም። ያ እንቅስቃሴ “አውራ ዶሮ በአንድ እግሩ” እንደሚባል ኋላ ተማርኩ። እኔ የፊዚክስ መምህር ነኝ! አንድ ነገር የማይወድቀው የስበት ማዕከሉ ከመሠረቱ በላይ እስካለ ድረስ ነው ብዬ ስንት ጊዜ በጠመኔ ጽፌአለሁ! መሠረቱ አንድ የውስጥ እግር ብቻ ሲሆን ስሕተት የምትሠራበት ቦታ ጥቂት ጣት ያህል ናት። ሰባ ዘጠኝ ዓመት! እኔ በአርባ ሦስት ዓመቴ ሱሪ ስለብስ ግድግዳ እደገፋለሁ።

ሲመለሱ እኔ መኪናው ላይ ተደግፌ ወገቤን ይዤ አገኙኝ። ትኩር ብለው አዩኝና በእንግሊዝኛቸው “ሺፉ፣ አንተ ተቀምጠህ፣ ተቀምጠህ፣ ተቀምጠህ። መጥፎ። ና” አሉኝ። “ሺፉ” ያሉትን ሹፌር ለማለት መሰለኝ። ከቃሉ ጋርም ይቀራረባል፤ አልተቀየምኩም። ተሳፋሪ “ቦስ” ሲለኝ፣ “ማይ ፍሬንድ” ሲለኝ፣ አንዳንዱም በጣቱ መስተዋቱን እየቆረቆረ “ሄይ” ሲለኝ የኖርኩ ሰው “ሺፉ” ምን ይጎዳኛል?

ወር ያህል ካለፈ በኋላ አብራቸው የምትሠራ፣ እንግሊዝኛ አጥርታ የምትናገር ሴትዮ ናት ነገሩን ያስረዳችኝ። በማንዳሪን ቋንቋ ሺፉ ማለት ባለሙያ፣ ጌታ፣ አስተማሪ ማለት ነው። በፋብሪካ ውስጥ ተለማማጁ አሠልጣኙን ሺፉ ይለዋል። ተሳፋሪም ባለታክሲውን በአክብሮት ሲጠራው ሺፉ ይለዋል። የታይ ቺ ደቀ መዝሙርም መምህሩን ሺፉ ይላል፤ ለዚህኛው የሚጻፍበት ሌላ ምልክት አለው፣ ከአፍ ሲወጣ ግን አንድ ነው። እንግዲህ አስቡት፤ ከአገሬ ከወጣሁ አሥራ አንድ ዓመት “ቲቸር” ብሎ የጠራኝ ሰው አልነበረም። እሳቸው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በየማለዳው በሩን ስከፍትላቸው እንደዚያ ሲሉኝ ኖረዋል። ያን ቀን ወደ ቤት ስነዳ ለብቻዬ ጮክ ብዬ “ሺፉ” አልኩ፤ ሰው ቢሰማኝ አበደ ይለኝ ነበር።

ትምህርቱ እንዲህ ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ መቆምና መራመድ ብቻ። መራመድን በአርባ ሦስት ዓመቴ ልማር! ግን እውነቱን ለመናገር አንችልበትም። በተለምዶ ስንራመድ ወደ ፊት እየወደቅን፣ ሌላው እግራችን እየደረሰ ያነሣናል። በታይ ቺ ግን አይወደቅም። ከእንስራ ወደ እንስራ ውኃ እንደሚገለበጥ ክብደትህን በሙሉ ወደ ቀኝ እግርህ ታፈሳለህ፤ ግራህ ባዶ ይሆናል። ባዶ ስለሆነም ያለ ምንም ትግል ይነሣል፤ ተረከዙ መሬት ይነካል፣ ክብደት ግን የለበትም፤ ቦታው ካላማረህ መልሰህ ልታነሣው ትችላለህ። ካማረህ ቀስ ብለህ ታፈስበታለህ። ያንግ ቼንግፉ የተባሉት ታላቅ መምህር (ከ1883 እስከ 1936 የኖሩ ናቸው) ተናግረዋቸው ደቀ መዝሙራቸው ቼን ዌይሚንግ ጽፎ ያቆያቸው አሥር ነጥቦች አሉ፤ አራተኛው ይኸው ሙሉውን ከባዶው የመለየት ነገር ነው። ሁለቱም እግር እኩል ሲጫን ሹዋንግ ጆንግ፣ ድርብ ክብደት እንበለው፣ ይሉታል። መምህራን በጠለቀው ትርጉሙ ይከራከሩበታል፤ በተለምዶ ግን በሁለቱም ላይ የከበደ ሰው ወደየትም ፈጥኖ መሄድ አይችልም ማለት ነው። አልጋዬ ሥር እስካሁን ያልፈታኋት፣ “በሚቀጥለው ዓመት ስመለስ” የምላት ሻንጣ ትዝ አለችኝ። አለፍኩት፤ ያን ቀን ስለ ሻንጣ ለማሰብ ጉልበቴ በጣም ይንቀጠቀጥ ነበር።

ሌላው ያስቸገረኝ ሶንግ የሚሉት ነገር ነው። እንግሊዝኛው “ሪላክስ” እያለ ይተረጉመዋል፤ እኔም ሪላክስ ስባል ተዝለፈለፍኩ። ሽማግሌው ትከሻዬን ነክተው ራሳቸውን ነቀነቁ። ብዙ ካሰብኩ በኋላ በአማርኛ የሚቀርበው “መፍታት” ነው እላለሁ፤ የተቋጠረ ገመድ ሲፈታ ገመድነቱ አይጠፋም፣ ቋጠሮው ብቻ ነው የሚለቅቀው። የእኔ ቋጠሮ ትከሻዬ ላይ ነበር። አሥራ ሁለት ሰዓት መሪ የጨበጠ ትከሻ መሪ በሌለበትም ይጨብጣል። ከዚያ ወገብ፣ ከዚያ ዳሌ፣ ከዚያ ቁርጭምጭሚት።

መቼም የአስተማሪ አመል አይለቅም፤ በየደረጃው “ለምን?” እላለሁ። ለምን ጉልበት ከእግር ጣት እንዳያልፍ? ለምን ጭራ አጥንት ወደ ታች? እሳቸው አይመልሱም። ቃላቸው ባያጥር ኖሮም የሚመልሱ አይመስለኝም። እንደገና ይሠሩታል፣ እኔ እከተላለሁ። ለዘጠኝ ዓመት ከሰሌዳ ፊት ቆሞ ሲያብራራ ለኖረ ሰው ይህ ከወገብ ሕመም አይሻልም ነበር።

በአራተኛው ወር ገደማ ቱይ ሾ አስጀመሩኝ። የእጅ መገፋፋት ማለት ነው፤ ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ቆመው ክንዳቸውን አነካክተው አንዱ የሌላውን ሚዛን ይፈልጋል። ትግል አይደለም፤ የቅርጹ ፈተና ነው። “ግፋ” አሉኝ ደረታቸውን እያሳዩ። የሰማኒያ ዓመት ሽማግሌ እንዴት እገፋለሁ? ቀስ ብዬ ነካኋቸው። “ግፋ!” አሉኝ። ገፋሁ። አልተንቀሳቀሱም። የበለጠ ገፋሁ። በዚያች ቅጽበት እጄ ሥር የነበረው ደረት ጠፋ፤ ወገባቸውን ትንሽ ማዞራቸው ነው፣ ሌላ ምንም አላደረጉም፤ እኔ በራሴ ጉልበት ወደ ፊት ተፈተለክሁ። ለእያንዳንዱ ግፊት እኩልና ተቃራኒ ግፊት አለው እያልኩ ያስተማርኩ ሰው፣ ተቃራኒው ሲነፈገኝ ምን እንደምሆን አላውቅም ነበር። ለካስ ስገፋ በምገፋው ላይ ተደግፌ ነበር የቆምኩት። በአፍንጫዬ ልደፋ ስል እጅጌዬን ያዝ አደረጉኝ። ሳልወድቅ ቀጥ ብዬ ቆምኩ። ሳቁ፤ አሳሳቃቸው ግን የሚያሳፍር አልነበረም። “እንደገና” አሉኝ።

አንባብያን፣ የምነግራችሁ ነገር ከዚህ በፊት ለባለቤቴም ያልነገርኳትን ነው። ያን ማለዳ እጅጌዬን በያዙኝ ጊዜ የመጣብኝ አንድ ልጅ ነው። በ2006 የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዬ ነበር። ሰሌዳ ላይ በዘቅዛቃ ሜዳ ሽቅብ ስለሚገፋ ዕቃ አንድ ጥያቄ እየሠራሁ ሳለ እጁን አወጣና “ቲቸር፣ ሰበቃው ወደ ታች መሆን የለበትም?” አለኝ። ትክክል ነበር። ወደ ላይ ለሚገፋ ዕቃ ሰበቃው ወደ ታች ነው፤ ምልክቱን የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ገና አረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ገብቶኛል። ግን ስልሳ ተማሪ ፊት ተገፋሁ፤ እኔም መልሼ ገፋሁ። “ና ውጣ፣ አንተ አስተምረን” ብዬ ጠመኔውን ሰጠሁት፤ ከዚያ ገና ያልተማሩትን እየመረጥኩ ክፍሉ እስኪስቅበት ድረስ በጥያቄ አጣደፍኩት። ከዚያ ቀን በኋላ እኔ ክፍል አልገባም፤ ጥቂት ቆይቶም ትምህርቱን ማቋረጡን ሰማሁ። ሌላ ምክንያት ኖሮት ሊሆን ይችላል፤ ሄጄ አልጠየቅሁም። ስሙን እዚህ አልጽፈውም፣ ግን አልረሳሁትም። እጅጌውን የያዘለት ሰው አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ለምን ብዬ መጠየቁን ቀነስኩ።

በዚህ መካከል ወሬው በቴሌግራፍ ጎዳና ባሉት ምግብ ቤቶቻችን ደርሷል። አንድ ወገናችን በማለዳ ሲያልፍ ከቻይኖቹ መካከል እጄን ዘርግቼ ቆሜ አይቶኝ “ሰውዬው ቡድሂስት ሆኗል” ብሎ ያወራል፤ ወሬው ቡና እየጠጣ ሲዞር ሲዞር እኔ ጆሮ ሲደርስ “ቡዳ ሆኗል” ሆኖ ነበር! ለቀልዱ ስቄያለሁ፤ ግን አንድ የማከብራቸው አባት ለብቻዬ ጠርተው ሲጠይቁኝ በአክብሮት መመለስ ነበረብኝ። የነገርኳቸውን ለእናንተም ልንገራችሁ። ታይ ቺ ቿን በሚለው ስም ውስጥ ቿን ማለት ቡጢ ነው። የውጊያ ጥበብ ነው። ታይ ቺ የሚለው ቃልና የዪንና የያንግ ሐሳብ ከቻይና ፍልስፍና የመጣ መሆኑን አልክድም። አንድ መነኩሴ ወፍና እባብ ሲጣሉ አይቶ ፈለሰፈው የሚል አፈ ታሪክም አለ፤ የታሪክ ሰዎች ግን አይቀበሉትም። በጽሑፍ የሚከተሉት ፈለግ ወደ ሄናን፣ ቼን ቤተሰብ ወደሚኖርበት መንደር፣ ወደ 17ኛው መቶ ዓመት ይወስዳል። ከዚያ መንደር ያንግ ሉቻን የተባለ ሰው በ19ኛው መቶ ዓመት ተምሮ ወደ ቤጂንግ ወሰደው፤ አሁን ሰው የሚያውቀውን ዝግ ያለና ሰፊ እንቅስቃሴ ያስፋፉት የልጅ ልጁ፣ ቀደም ብዬ የጠቀስኳቸው ያንግ ቼንግፉ ናቸው። በ1956 የቻይና መንግሥት ለሕዝብ ጤና ብሎ አሳጥሮ ሀያ አራት እንቅስቃሴ አደረገው፤ አምስት ስድስት ደቂቃ ይፈጃል፣ ሽማግሌው መጀመሪያ ያስተማሩኝም እሱን ነው። ወደ አሜሪካ በማምጣት ስማቸው ከሚነሣው አንዱ ዠንግ ማንቺንግ በ1964 ኒው ዮርክ መጥተው ያስተማሩ፣ ሐኪምም ሠዓሊም የነበሩ ሰው ናቸው። ዩኔስኮ በ2020 በዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስፍሮታል፤ መስቀልና ጥምቀታችን ባሉበት በዚያው መዝገብ ማለት ነው። እኚያ አባት አዳምጠውኝ “እንግዲያ ጂምናስቲክ ነው በለኛ” አሉኝ። ከዚያ ትንሽ ይበልጣል፣ ግን እሺ አልኩ።

ለእሳቸው ያልነገርኳቸው አንድ ነገር አለ። የእናቴ አባት ደብረ ታቦር አካባቢ መሪጌታ ነበሩ። ልጅ ሆኜ ማሕሌት ይዘውኝ ሲሄዱ እንቅልፍ እየጣለኝ ካህናቱን ከታች ወደ ላይ አያቸው ነበር። መቋሚያቸውን ተመርኩዘው፣ በዝማሜው ክብደታቸውን ከእግር ወደ እግር ሲያሸጋግሩ፣ ችኮላ የለ፣ ዕረፍት የለ፣ ሌሊቱን ሙሉ። አያቴ እንዴት እንደማይደክማቸው ስጠይቃቸው “ጉልበትህን ካገተርከው ሌሊቱ አያልቅልህም” ብለውኛል። ትምህርቱ ራሱ አቋቋም ይባል የለ! ሁለቱን አንድ ናቸው አልልም፤ ያ ጸሎት ነው፣ ይህ ቡጢ። ግን ሽማግሌው ያገተርኩትን ጉልበቴን በእግራቸው ጫፍ መታ ሲያደርጉት አያቴ የቀሰቀሱኝ መሰለኝ። ሁለቱም ከወረቀት አይገኙም፤ ከኋላ ቆሞ ማየት ነው። ባለቤቴ ግን ሳሎን ውስጥ ስለማመድ አይታ “ምነው፣ ደብተራ ሆንክብኝ?” ብላ አንድ ሳምንት ስቃብኛለች።

ወገቤስ? ዳነ ብዬ አልዋሻችሁም። በዚያው ጊዜ ፊዚዮቴራፒም ጀምሬ ነበርና ሙሉውን ምስጋና ለማን እንደምሰጥ አላውቅም። የእግሬ መደንዘዝ ግን ከዓመት በኋላ ወደ ጣቶቼ ብቻ ተሰብስቧል፤ ቀዶ ሕክምናው ቀርቷል፤ የጫማዬን ክር ራሴ አስራለሁ። ሐኪሞች በጥናት በተሻለ የሚያረጋግጡለት የሽማግሌዎችን መውደቅ መቀነሱንና ሚዛን መጠበቁን ነው። በ2012 በታወቀው የአሜሪካ የሕክምና መጽሔት ላይ 195 የፓርኪንሰን ሕሙማን ላይ የተደረገ ጥናት ወጥቶ ሚዛናቸውን እንደረዳ አሳይቷል። የተሳሳተ አሠራር ጉልበት እንደሚጎዳ ግን ልንገራችሁ፤ መጀመሪያ ሰሞን ጉልበቴን እያዞርኩ ሁለት ሳምንት አንክሻለሁ። “እባብ ሲወርድ” የሚባለውን እስካሁን አልችልም፤ እወርዳለሁ፣ የሚያነሣኝ ይጠፋል።

ሽማግሌው በ2023 ከልጃቸው ጋር ወደ ሌላ ስቴት ሄዱ። ኤርፖርት ያደረስኳቸው እኔ ነኝ። ልጃቸው ሻንጣ ስታወርድ እሳቸው በሩን በሁለት እጃቸው ይዘው ወጡና፣ “ሺፉ” አሉኝ። እኔም ያን ቀን “ሺፉ” አልኳቸው። ሒሳብ አልቀበልም ብዬ ከልጅቱ ጋር ተጨቃጨቅን፤ አሸነፈችኝ።

አሁን በኤርፖርቱ የታክሲ ተራ ላይ፣ መኪናዬ አጠገብ ቆሜ እሠራለሁ። እንደ ደመና የሚንሳፈፉ እጆችን ለመሥራት የሚበቃ ቦታ አለ። ፑንጃቦቹ ለመዱኝ፤ የኛ ልጆች መጀመሪያ ስልክ አውጥተው ቀረጹኝ፣ ከዚያ ተዉኝ። ባለፈው ሳምንት ግን አንድ ወጣት፣ ከመጣ ሦስት ዓመቱ ነው፣ ወገቡን ይዞ መጣና “ጋሼ፣ እስቲ ይሄን ነገር ያስረዱኝ” አለኝ።

“እሺ፤ የስበት ማዕከልህ…” ብዬ ጀመርኩና ዝም አልኩ።

“ከኋላዬ ቁም” አልኩት።

ቆመ። ወደ ቀኝ አፈሰስኩ፤ አፈሰሰ። ግራዬን አነሣሁ፤ እሱ ተንገዳገደ፣ እጅጌውን ያዝኩት። ከፊታችን ያለው ታክሲ ተንቀሳቀሰ፣ ከኋላ ጥሩምባ ተነፋ።

“ጋሼ፣ ተራው ደረሰን!” አለኝ።

“ይድረስ፤ ግራህ ገና ባዶ አልሆነም” አልኩት።